የዋቅቶላ ኮርድ

ጀማነሽ እናቷ ሲሞቱ አላለቀሰችም። ይህን ነገር ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው፤ እሱም ክርስትና ሳይነሣ አንዷ ጎረቤት ትነግረዋለች። ድንኳን ተተክሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ሲጎርፍ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ሙሾ ሲወርድ፣ የሟች አንድዬ ልጅ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ደጅ ደጁን ታያለች። ፊቷ የታክሲ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። የእናቷ ማኅበርተኞች፣ የቂርቆስን ደጅ ስመው ያረጁት፣ በአንድ ጥግ ሆነው "ጴንጤ ስትሆን እንባዋንም ወሰዱባት" አሉ። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ደግሞ በሌላው ጥግ "ጌታ እንዴት ቢያጽናናት ነው" ብለው ተደነቁ። ጀማነሽ ሁለቱንም ሰማች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ብላ ተወችው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እሷም በቃ እንደዚያው ቀረች። ማኪያቶ ስትጠጣ ውሃ ውሃ ይላታል፤ ውሃ ስትጠጣም እንዲሁ። የምትሠራው ካዛንቺስ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ከጠረጴዛዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የአርባ ዓመት ፋይል የተሸከመ መደርደሪያ ተገንድሶ ወደቀ። የሥራ ባልደረባዋ ኩልሱም የጮኸችው ጩኸት አራት ኪሎ ድረስ ተሰምቶ ሁለት አውቶቡስ አስቁሟል። ጀማነሽ አቧራው እስኪረግብ ጠብቃ፣ "ከ'መ' እስከ 'ቀ' ያለው ነው የወደቀው" አለችና የጀመረችው ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሰጥታ ጨረሰች።

"አንቺ ግን ሰው ነሽ?" አለቻት ኩልሱም፣ ደረቷን ይዛ።

"መሰለኝ" አለች ጀማነሽ።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይህ ነገሯ አያስቸግራትም ነበር። እሑድ እሑድ ኪቦርድ ትጫወታለች። ኪቦርድ ተጫዋች ማለት በጉባኤው ውስጥ ማንም ምንም የማይለው ብቸኛ ሰው ነው። አምልኮ መሪው "እጃችሁን ወደ ሰማይ" ሲል የእሷ እጅ ሥራ ላይ ነው። ሕዝቡ ተንበርክኮ ሲያነባ፣ ከሥር ለስለስ ያለ ድምፅ የሚያፈስ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም አብሮ ካለቀሰ ኮርዱ ይሳሳታል። ስለዚህ ያቺ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ዓይኗ ቢደርቅ "ምን ሆና ነው?" የሚል የለም፤ "ሥራዋ ላይ ናት" ነው የሚባለው። ጀማነሽም ያቺን ወንበር የምትወዳት ለዚህ ነበር። ማለቴ፣ ትወዳታለች ማለት ይከብዳል፤ ሌላ የምትቀመጥበት ቦታ ስላልነበራት ነው።

ኪቦርዱን ያስተማራት ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስለላ ነው የተማረችው። ጠዋት የራሷን ቤተ ክርስቲያን አገልግላ ከሰዓት ወደ ሌሎቹ ትሄዳለች፤ አንድ እሑድ ጎተራ፣ አንድ እሑድ ቄራ፣ አንድ እሑድ እዚያው ቂርቆስ ያሉትን። ከቀኝ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች፤ የተጫዋቹ እጅ ከዚያ ነው ደኅና የሚታየው። ሰባኪው ስለ ኃጢአት ሲያስረዳ እሷ ደብተሯ ላይ ነጭና ጥቁር ቁልፍ በእርሳስ እየሳለች የሰው ጣት ትቆጥራለች። ከኋላ ያያት ሁሉ ስብከት የምትጽፍ ትጉ ምእመን ትመስለዋለች። ቪዲዮም ካገኘች በስልኳ ላይ አዘግይታ ታየዋለች፤ አንዳንዱን መዝሙር ከማዘግየቷ የተነሣ ዘማሪው አንድ "ሃሌ ሉያ" ለመጨረስ የምሳ ሰዓት ያህል ይወስድበት ነበር።

ተጫዋቾቹ ታዲያ ሞኞች አይደሉም። ሌላ ተጫዋች ረድፍ ውስጥ መኖሩን ያውቁታል፤ ይሸታቸዋል። የቄራው ሰውዬ ጀማነሽን ባየ ቁጥር ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ ከኪቦርዱ ጎን ያቆማል፤ እጁ አይታይም። የጎተራው ደግሞ በአንዴ ከዐሥር ጣት ወደ ሦስት ይወርድና እንደ ጀማሪ ይጫወታል፤ የገዛ ኳየሩ ግራ ይጋባል። ጀማነሽ ግን ትዕግሥቷ አያልቅም። ከጎተራው የግራ እጅ አረማመድ፣ ከቄራው ደግሞ ሰባኪው ድምፁን ሲያወጣ አብሮ መውጣትን፣ ሲያስለው ደግሞ አንዲት ኖታ ላይ ቆሞ መጠበቅን ቀሰመች። ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል እንዳትመስል፤ የሚያስላቸው ሰባኪዎች ብዙ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የያዘችው ግን የዋቅቶላን ኮርድ ነበር።

ዋቅቶላ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ካዛንቺስ ይጫወት የነበረ ሰው ነው። አሁን አይጫወትም። የቀረው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ኖሮ ጭጋግ ውስጥ የተቀረጸ መስሏል። እጁ ግን ይታያል። ኮርድ ማለት ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ መንካት ነው፤ ከሦስቱ ደስታውን ወይም ሐዘኑን የምታወጣው መካከለኛዋ ናት። ትንሽ ከፍ ያለች እንደሆነ ሠርግ፣ ትንሽ ዝቅ ያለች እንደሆነ ለቅሶ ይሆናል። ዋቅቶላ መካከለኛዋን አይነካትም። ጣቱ እላይዋ ደርሶ ይዘላትና ጎረቤቷ ላይ ያርፋል። የሚወጣው ድምፅ ሠርግም አይደል፣ ለቅሶም አይደል፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ግባ የሚሉትን የሚጠብቅ ሰው ዓይነት ነው። ቪዲዮው ላይ ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ያለቅሳል መሰለኝ፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ ኮርድ ያልተባለ ነገር የለም። አንዱ "ዐርባ ቀን ጾሞ በራእይ የተሰጠው ነው" ይላል። ሌላው "የለም፣ አንድ ጀርመናዊ ነው ያስተማረው" ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ኮርዱ ስለ ሥላሴ ነው ብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ያስረዳል። ጀማነሽ ማብራሪያውን ሁሉ ትታ ጣቱን ገለበጠች። እናቷ ከሞቱ በኋላ ደግሞ ከዚያ ኮርድ ሌላ የሚስማማት ጠፋ፤ ስትጫወተው ደስ ይበልሽ ወይም እዘኚ የሚላት የለም።

ነገሩ የተበላሸው ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ቤተ ክርስቲያናቸው የተከራየው አዳራሽም አብሮ ተነሣ፤ ጉባኤው ተሰብስቦ ቂርቆስ አካባቢ ካለ ሌላ ጉባኤ ጋር ተዋሐደ። ሁለቱ መጋቢዎች በየተራ ለመስበክ ተስማሙ። ሁለቱ ኳየሮች ተደባልቀው አዳራሹ የሚችለውን ያህል ጮኹ። ኪቦርዱ ግን አንድ፣ ወንበሩም አንድ ነው። የዚያኛው ጉባኤ ተጫዋች ፋኑኤል ይባላል፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ የአሜሪካኖቹን አጨዋወት ከዩቲዩብ አጥንቶ በአንድ መስመር መዝሙር ውስጥ አሥራ ሰባት ኮርድ ይከታል። ሕዝቡ መዝሙሩን የት እንደተወው ሳያውቅ ቤቱ ይገባል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ መብራህቱ ሁለቱን ጠርተው አነጋገሩ። "ሁለታችሁም ተባረኩ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ መጀመሪያ ፋኑኤል፣ ቀጥሎ ጀማነሽ ትጫወታላችሁ። ከዚያ እኛ እንጸልይበታለን።"

"ያልተመረጠውስ?" አለች ጀማነሽ።

"ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ ያመልካል። እሱም እኮ አገልግሎት ነው፣ የኔ እህት።"

ጀማነሽ መፍራት እንዳለባት ገባት። ፍርሃቱ ግን አልመጣም፤ እንደ ተቋረጠ መብራት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በማግስቱ ምሳ ላይ ለኩልሱም ነገረቻት።

"ታዲያ ብትቀመጪ ምን አለበት?" አለች ኩልሱም፣ ሽሮዋን እየጠቀለለች። "እኔ ዕድሜ ልኬን ነው የተቀመጥኩት።"

"ያዩኛላ።"

"ማን?"

"ሁሉም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እንዲህ ሆኜ… ማለቴ፣ ፊቴ።"

ኩልሱም ፊቷን አየቻት። እውነትም ለውይይት የሚቀርብ ፊት አልነበረም። "ሽንኩርት ይዘሽ ግቢ።"

"ኩልሱም።"

"እሺ በቃ፣ ተውኩት። ያ የምትይው ሰውዬ፣ ዋቅቶላ፣ በሕይወት አለ?"

"ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው ይላሉ።"

"እና ሄደሽ አናግረሽው አታውቂም? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ስትሰርቂ ኖረሽ አንድ ቀን ባለቤቱን ብትጠይቂው ምን ይልሻል? ቢበዛ ያባርርሻል። አንቺ ደግሞ ቢያባርሩሽም አይሰማሽ።"

ጀማነሽ ይህ ልክ ነው ብላ ቅዳሜ ከሰዓት ጎተራ ሄደች። ዋቅቶላን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የስልሳ ምናምን ዓመት ሰው፣ ድምፁን ዘግቶ ኳስ ሲያይ አገኘችው። ግድግዳው ሥር አንድ አሮጌ ኪቦርድ ቆሟል፤ እላዩ ላይ ሁለት ሸሚዝና አንድ ፎጣ ተሰጥቶበታል። ጀማነሽ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ተናገረችና ደብተሯን አውጥታ የሳለችውን አሳየችው።

"ጋሼ፣ ይቺን መካከለኛዋን ለምን እንደሚዘሏት ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

ዋቅቶላ መነጽሩን አደረገ። ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ ተመለሰ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት እስኪመታ ድረስ ሳቀ። ተነሥቶም ሸሚዞቹን አነሣ፣ ኪቦርዱን ሰካና ቁልፎቹን ተራ በተራ ተጫነ። ዶ። ሬ። ሚ ላይ ሲደርስ ጣቱ ወረደ፤ የተሰማው ግን "ጠቅ" የሚል የፕላስቲክ ድምፅ ብቻ ነው።

"ሞታለች" አለ። "ሠርግ ላይ ለስላሳ ፈሰሰባት። ያኔ እኔ የማውቀው ሲ የሚሉትን፣ ከዶ የሚነሣውን ቅኝት ብቻ ነበር፤ ሌላውን መዝሙር ሁሉ ሲ ላይ እየተጫወትኩ ድምፁን ከፍ ዝቅ የማደርገው ትራንስፖዝ በምትባለው የኪቦርዱ ቁልፍ ነው። ስለዚህ የትም ብሄድ እሷን ነው የምፈልጋት። እሷ ደግሞ የለችም። ምን ላድርግ? ዘለልኳት።"

"ስንት ዓመት?"

"ዘጠኝ። ሌላ ኪቦርድ ይገዛል ሲባል፣ ይገዛል ሲባል። ሙት አስነሥተዋል የሚባሉ ወንጌላውያን ሁሉ መጥተው ሰብከውበታል፤ ይቺን ያስነሣ የለም። አገልግሎቱን ሳቆም ደግሞ ስጦታ ብለው ይህንኑ ሰጡኝ።"

ጀማነሽ ቁልፏን በራሷ ጣት ተጫነቻት። ጠቅ አለች። "ሕዝቡ ግን ያለቅስ ነበር" አለች።

"ያለቅስ ነበር። ተዉ፣ ቁልፉ ተበላሽቶ ነው፣ ልበላቸው?" ዋቅቶላ ተቀመጠ። "ለምንድን ነው የመጣሽው፣ የኔ ልጅ?"

ስለ ወንበሩና ስለ እሑዱ ነገረችው። ስለ ፊቷ አልነገረችውም።

"እንግዲያው ንኪያት" አለ። "እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስመኛት የኖርኩ ነኝ። ያንቺ ደኅና ከሆነች በምን ምክንያት ትዘያታለሽ?"

ጀማነሽ በሚኒባስ ወደ ቂርቆስ ስትመለስ ይህ ነገር ወይ ሊያስቃት ወይ ሊያስለቅሳት እንደሚገባ አሰበች። አሥራ አንድ ዓመት የፈሰሰ ለስላሳ ስታጠና ነው የኖረችው። ሁለቱንም ጠበቀች፤ አንዱም ሳይመጣ መውረጃዋ ደረሰ።

ሳምንቱን በሙሉ ከሥራ መልስ ተለማመደች። ጣቷ እምቢ አለች። እላይዋ ትደርስና፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከበላይ አካል ደብዳቤ ካልመጣ አልፈጽምም ብላ አየር ላይ ትቆማለች። ዐርብ ዕለት ወረደች። ድምፁ ሙሉ ነበር፤ ንጹሕ፣ ደኅና፣ ጎደለ የማይሉት።

እሑድ ፋኑኤል ቀድሞ ተቀመጠ። ጀማነሽ መድረኩ ጥግ ላይ ቆማ ዓይኗን እጁ ላይ ተከለች፤ ልማድ ነው። ልጁ አሥራ ሰባቱን ኮርድ ይደረድራል ብላ ስትጠብቅ ቁጥብ ብሎ ጀመረ። ጸሎቱ ሲጀመርማ ጭራሽ አዘገየው። ጣቱ መካከለኛዋ ላይ ደረሰችና ዘለላት። ሲዘላት ደግሞ የእጁን አንጓ ትንሽ ወደ ውጭ ጠመዘዘ። ይህቺን መጠምዘዝ ዋቅቶላ አያውቃትም፤ የራሷ የጀማነሽ ናት። የሰዓቷ ማሰሪያ ሰፊ ስለሆነ ቁልፉን እንዳይነካባት የምታደርጋት ናት። ፋኑኤል እጁ ላይ ሰዓት የለም።

አዳራሹ ተንሰቀሰቀ። ወለሉ በእንባ ጎረፈ ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ አስተናጋጆቹ ግን ሁለት ሰው ተንሸራትቶ አንሥተናል ብለዋል።

ቀጥሎ ጀማነሽ ተቀመጠች። መካከለኛዋን ነካቻት፤ በእያንዳንዱ ኮርድ፣ አንዴም ሳትስት። ሕዝቡ መደሰት ይኑርበት ወይስ ማዘን ብሎ ሳይቸገር ወዲያው ዐወቀው፤ አጨበጨበ። ሲጠናቀቅ ሁሌ ፊት የሚቀመጡ አንዲት እናት ክንዷን ያዝ አድርገው፣ "ዛሬ ምን ነካሽ፣ የኔ ልጅ? እንደ ሰው ሁሉ ተጫወትሽብኝ" አሏት።

ሽማግሌዎቹ ጸለዩበት። ጸሎቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያህል ፈጀ። ጋሽ መብራህቱ ወጥተው ጀማነሽን ለብቻዋ ጠሯት። "አንቺ ጥሩ ነሽ፤ ማንም ጥሩ አይደለችም አላለም። የእሱ ግን… እንዴት ልበልሽ፣ ክፍት ቦታ አለው። ሰው ይገባበታል። ቅር እንዳይልሽ ብቻ።"

"ቅር አላለኝም" አለች ጀማነሽ። እውነቷን ነበር፤ ጋሽ መብራህቱ ግን መንፈሳዊነቷን አድንቀው ሄዱ።

ፋኑኤል በሩ ላይ ደረሰባት። ጆሮው ቀልቷል። "እህት ጀሚ፣ በጣም አፍሬያለሁ። በቃ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያንቺን ነው የወሰድኩት። ካዛንቺስ እያላችሁ ጀምሮ ስምንት ወር በስልኬ ስቀርጽሽ ነበር።"

"ከቀኝ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርክ።"

"ታውቂ ነበር እንዴ?"

"ሁላችንም እዚያ ነው የምንቀመጠው።"

"ለምን ታዲያ ዛሬ ራስሽ ተውሻት? ማለቴ፣ ያቺ ኮርድ እኮ… ምስጢሩን ብትነግሪኝ።"

"ቁልፏ ተበላሽታ ነው።"

"እህት ጀሚ፣ የምሬን ነው።"

"የጋሽ ዋቅቶላ ኪቦርድ ላይ ለስላሳ ፈሰሰባት። ጎተራ ሄደህ ጠይቀው። ደግሞ አንጓህን አትጠምዝዝ፤ እሱ የሰዓቴ ማሰሪያ ነው።"

ፋኑኤል በትሕትና ፈገግ አለ። "እሺ፤ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ትነግሪኛለሽ" አለና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የሚቀጥለው እሑድ ደረሰ። ጀማነሽ ላለመምጣት አስባ ነበር፤ ያኔ ግን ሰው ቤቷ ድረስ ሊጠይቃት ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መጣችና መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጠች። መዝሙሩ አለፈ። ጸሎቱ መጣ። ፋኑኤል ከሥር ማፍሰስ ጀመረ፤ ከፊት በኩል ለቅሶው ተነሣ። ጀማነሽ ባዶ እጇን ይዛ፣ ፊቷን እንዳለ ይዛ፣ የሚዞረውን ዓይን ጠበቀች።

አንድም ዓይን አልዞረም። ከኪቦርዱ ወንበር ላይ ስታይ የኖረችው ከፊት ያሉትን ሁለት ረድፎች ብቻ ነበር፤ እነሱ ደግሞ በለቅሶ ማዕረግ የያዙ ናቸው። ከኋላ ግን አገሩ ሌላ ነው። አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚያፈስ ጣሪያ የደገፈ መስሏል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። አንዷ ዓይኗን ጨፍና የመኪና ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ትፈልጋለች። አንዱ ስልኩ ላይ የኳስ ውጤት ያያል፤ "አሜን" የሚለው ጎል ሲገባ ይሁን ሲጸለይ አይለይም። ስድስት ረድፍ ሙሉ ደረቅ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ብቻውን እንደሆነ መስሎት አንገቱን ደፍቷል።

አጠገቧ የተቀመጠው ሱፍ የለበሰ ሰውዬ አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። ሲያያት ደንግጦ ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ገለጠ።

"እህቴ፣ ለዚህ ቤት አዲስ ነሽ?" አለ በሹክሹክታ።

"አይ፤ ከካዛንቺስ ጀምሮ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት።"

"እኔም ከካዛንቺስ ነኝ እኮ፤ እዚያም ቢሆን ከኋላ ነው የምቀመጠው።" ሰውዬው ጉንጯን፣ ዓይኗን፣ ግንባሯን በደንብ አስተዋለ። "አይቼሽ ግን አላውቅም።"

ሰውዬው ምሰሶው እየገፋው የአግዳሚ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ ጀማነሽ ጠጋ አለችለትና ቦታ ለቀቀችለት።